ሰርዞ ማለፍ ማረም አይደለም

“የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ” እየተባለ ያደገ፣ በዚሁ ቋንቋ ጽፎ ስም ያገኘ ሰው ትናንት የጻፈውን ዛሬ በአንድ ጣት ያጠፋዋል። ማንም አይጠይቀውም። ተከታይም አይቀንስበትም። በማግስቱ ስለ እውነትና ስለ ታሪክ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይለቃል፤ ተከታዩም “ብዕርህ ይባረክ” ይለዋል።

የሚጠራጠር አንባቢ ሙከራውን ራሱ ያድርገው። በ2011፣ በ2012 ወይም በጦርነቱ ወራት ለወዳጆቹ የላካቸውን የፌስቡክ ሊንኮች ከድሮ መልእክቶቹ ፈልጎ አንድ በአንድ ይንካቸው። ስንቱ ይከፈታል? ስንቱስ “ይህ ይዘት አሁን አይገኝም” ይለዋል? የተወሰነውን ፌስቡክ ራሱ አንስቶታል፤ የተወሰነው ባለቤቱ አካውንቱን የዘጋበት ነው። ቀሪውን ያጠፋው ግን የጻፈው እጅ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ ጦማሪያን ሲወራ የሚወራው ሁልጊዜ ስለ መጻፍ ነው። ማን ታሰረ፣ ማን ተሰደደ፣ ማን ተመለሰ፣ ማን ቻናል ከፈተ። ከለውጡ ወዲህ ከሁሉ የሰፋው አዲስ ልማድ ግን መሰረዝ ነው፤ ስለ እሱ የሚጽፍ የለም። ምክንያቱም የሚጽፈውም ይሰርዛል።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከ1997 ይጀመር። ከዚያ ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ የተከፈተው ሁለት ዓመት አልፎ፣ ለሚሌኒየሙ በዓል ነበር። በ1998 ብሎግስፖት ላይ የነበሩ ጦማሮች ከአገር ውስጥ አልከፈት አሉ። ያኔ የሚጽፉት ጥቂቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ፣ ብዙዎቹ በብዕር ስም። የብዕር ስም ግን ስም ነው። አንባቢ ያው ሰው ባለፈው ወር ምን እንዳለ ያውቃል፣ ተቃርኖውን ይይዘዋል፣ ይሞግተዋል። የተደበቀው መታወቂያው ነው እንጂ ቃሉ አልነበረም። ይህ ልዩነት በኋላ ለሚነሳው ነገር ሁሉ መሠረት ስለሆነ አንባቢ ይያዘው።

ከዚያ በግንቦት 2004 ዞን ዘጠኝ መጣ። ቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን አለው፤ ዘጠነኛው ከግቢው ውጭ ያለው አገር ነው የሚል ስያሜ ነበር። “ስለሚያገባን እንጦምራለን” ብለው ተነሱ፤ በስማቸው፣ በፎቷቸው፣ በቀን። ጦማሩ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ታገደ። ልጆቹ ግን ሕገ መንግሥቱ ይከበር የሚል ዘመቻ እያደረጉ፣ አንቀጽ እየጠቀሱ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ጽሑፉ በፌስቡክ ተለጥፎ፣ በኢሜይል ተልኮ፣ በፕሮክሲ ተከፍቶ ይነበብ ነበር። “ጦማር” የሚለውን ቃል ራሱን የመንገድ ቃል ያደረጉት በዚያ ዘመን ነው። ቃሉ በጥንቱ ትርጉሙ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ደግሞ ላኪ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ ቀን አለው። ከተላከ በኋላ የተቀባዩም ንብረት ነው።

ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ስድስት ጦማሪያን ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሰሱ። በክሱ ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ራስን ስለመጠበቅ የወሰዱት ሥልጠና ሳይቀር ተካተተ። ከፊሎቹ በ2007 ሐምሌ መግቢያ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አዲስ አበባ ሊገቡ ሳምንታት ሲቀራቸው ተለቀቁ፤ ቀሪዎቹን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ዓመት ከመንፈቅ ገደማ እስር ማለት ነው።

ያ ችሎት ከኋላው ለመጡት ያስተማረው ትምህርት መጥፎ ነበር። የጻፍከው ማስረጃ ይሆንብሃል፤ ራስህን ለመጠበቅ የተማርከውም ማስረጃ ይሆንብሃል። እንግዲህ ምን ቀረ? ዱካ አለመተው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። በ2009 መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት እንኳ ተከለከለ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። በዚያ ሰዓት ስልኩን ያጸዳ ሰው ልክ ነው ያደረገው።

ጥያቄው ይሄ ነው፦ ፍርሃቱ ሲቀል ልማዱ ለምን ባሰ?

መጋቢት 24 ቀን 2010 አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር መጣ። በሰኔ ከ260 በላይ ድረ ገጾችና ጦማሮች ከእገዳ ተፈቱ። የጋዜጠኞች ተሟጋቹ ሲፒጄ በ2011 ባወጣው ዓመታዊ ቆጠራ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም የታሰረ ጋዜጠኛ አልመዘገበም፤ እንዲህ ያለ ዓመት ከአሥር ዓመት በላይ አልታየም ነበር። በሚያዝያ የዓለም የፕሬስ ነጻነት ቀን አዲስ አበባ ላይ ተከበረ። ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሳ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ከሰኔ 15ቱ ግድያዎች በኋላ፣ ኢንተርኔት ከአንድ ሳምንት በላይ ተዘጋ። ቢሆንም ለአንድ ዓመት ያህል በሩ በእውነት ተከፍቶ ነበር። ለመጻፍ ከዚያ የተሻለ ጊዜ ያ ትውልድ አላየም።

ጦማሪያኑ በየፊናቸው ሄዱ። ከዞን ዘጠኞቹ በፍቃዱ ኃይሉና አጥናፍ ብርሃነ ካርድ የተባለውን የመብትና የዴሞክራሲ ድርጅት ይዘው ተነሱ፤ አቤል ዋበላ አዲስ ዘይቤን መሠረተ። ከስድስት ዓመት በላይ ታስሮ የወጣው እስክንድር ነጋ ወደ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣ ወደ ባልደራስ፣ ከዚያ እንደገና ወደ እስር፣ በኋላም ወደ ጫካ ሄደ። በአማርኛ በብዛት ከሚነበቡት ጦማሮች የአንዱ ባለቤት የነበረው ዲያቆን ዳንኤል ክብረት ቤተ መንግሥት ገብቶ አማካሪ ሆነ። የየአንዳንዱን ምርጫ መደገፍም መንቀፍም ይቻላል። ግን ሁሉም ምን እንደነበሩና ምን እንደሆኑ ይታያል፤ የሚነቅፋቸውም የትናንት ጽሑፋቸውን ከዛሬው ጎን አስቀምጦ ነው የሚነቅፋቸው። ችግሩ እነሱ ጋ አይደለም። ችግሩ በስም የማይጠሩት፣ ብዛታቸው የማይታወቀው፣ አገሪቱ በየቀኑ የምትሰማቸው ሌሎቹ ጋ ነው።

እነዚያ ጽሑፍን ትተው ወደ ላይቭ ሄዱ።

ላይቭ ለምን ተወደደ? ፍርሃት ነው ይባላል። ሐሰት ነው፤ ቢያንስ ግማሹ ሐሰት ነው። ፈሪ ሰው ፊቱን አያሳይም። የመጀመሪያው ምክንያት ገንዘብ ነው። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል አንድ ሺሕ ሰብስክራይበርና በዓመት ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ይጠይቃል። ሚዛኑ ሰዓት ነው፤ ሰዓት የሚሞላው ደግሞ በማስረዘም ነው። አንድ ገጽ የማይሞላ ሐሳብ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። መግቢያው ላይ “ሰበር” ይባላል፣ መሐል ላይ “ወደ እሱ እመለሳለሁ” ይባላል፣ መጨረሻው ላይ “ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳይረሱ” ይባላል። የተመለሰ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት የከፋ ነው። ንግግር አይፈተሽም። ጽሑፍ ውስጥ አንድ ስም አስገብቶ መፈለግ ይቻላል፤ የሦስት ሰዓት ላይቭ ውስጥ ግን “በሁለተኛው ሰዓት ላይ እገሌ የሚባለውን ሰው ገዳይ ብለሃል” የሚል አንባቢ ሦስት ሰዓቱን ቁጭ ብሎ መስማት አለበት። ማን ጊዜ አለው? “አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም” የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ተናጋሪው ራሱ ምን እንዳለ አያስታውስም። ሲነገረው ደግሞ “ቆርጣችሁ አቅርባችሁ ነው” ይላል፣ ሙሉውን ያጠፋዋል፣ ከዚያ “ሙሉውን አምጡ” ይላል።

በዚህ መሐል በየካቲት 2012 ፓርላማው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185ን አጸደቀ። በተራው ሰው ላይ የሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም 50,000 ብር ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ግን እስከ ሦስት ዓመት ወይም 100,000 ብር ይደርሳል። አምስት ሺሕ ማለት በግል የፌስቡክ አካውንት መያዝ የሚቻለው የጓደኛ ብዛት ጣሪያ ነው። ሕጉ በዚህች ቁጥር የሰፈር ተጠቃሚውንና አደባባይ የወጣውን ለየ። አዋጁ ሰፊ ነው፣ ለአሳሪ ይመቻል፤ የመብት ተሟጋቾች ሲወጣም ይህንኑ ብለዋል። ከአዋጁ በኋላ ግን የተለመደው ብልሃት የበለጠ ተጠንቅቆ መጻፍ አልሆነም። ብልሃቱ ጽፎ፣ አስነብቦ፣ አቀጣጥሎ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ማጥፋት ሆነ። እሳቱ ሄዷል፤ ክብሪቱ የለም።

ሌሎችም ብልሃቶች አሉ። ገጹን ሳያጠፉ ስሙን መቀየር አንዱ ነው። በአንድ ብሔር ስም የተከፈተ የትግል ገጽ መቶ ሺሕ ተከታይ ካፈራ በኋላ የመዝናኛ ገጽ ሆኖ ይገኛል፣ ወይም ይሸጣል። ተከታዩ ስለ ማን ተከትሎ እንደነበር ረስቷል። ፌስቡክ የገጹን የስም ለውጥ ታሪክ ያሳያል፤ ማየት የሚፈልግ ሁለት ጊዜ ነክቶ ያገኘዋል፤ የሚነካ ግን የለም። ድሮ የተጻፈውን በሙሉ ለራስ ብቻ እንዲታይ መቆለፍ ሌላው ነው፤ ይህ በተለይ ሹመት ሲቃረብ ይበዛል። ቴሌግራም ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ይመስላል። የቻናል ባለቤት ከሦስት ዓመት በፊት የለቀቀውን ጽሑፍ ዛሬ ገብቶ ሊቀይረው ይችላል፤ ተስተካክሏል የምትል ትንሽ ምልክት ትታያለች፣ ምን ይል እንደነበር ግን አይታይም። ካጠፋው ደግሞ ምልክትም የለም። ይህ ጽሑፍ ራሱ በቻናል የሚነበብ ነውና አንባቢ ይህን አውቆ ያንብበው።

አንባቢውም የራሱን መሣሪያ አበጀ፤ ስክሪን ሾት። ጸሐፊው ይሰርዛል፣ አንባቢው ፎቶ ያነሳል። ግን ስክሪን ሾት በሁለት ደቂቃ ፈጠራ ይሠራል። ዋናው ጽሑፍ ስለጠፋ እውነተኛውንና የተቀነባበረውን መለየት አይቻልም። ውጤቱ አስቂኝ ነው። በእውነት የጻፈው “ፎቶሾፕ ነው” ብሎ ያመልጣል፤ ያልጻፈው ደግሞ በተቀነባበረ ምስል ይሰደባል፣ አንዳንዴም ከዚያ የባሰ ይደርስበታል። የሰረዘው ራሱን ብቻ አይደለም የሸሸገው፤ ያልበደለው ሰው ራሱን የሚከላከልበትን ማስረጃም አብሮ አጥፍቷል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በዘለቀው ጦርነት ትግራይ ለሁለት ዓመት ያህል ከስልክና ከኢንተርኔት ተቆርጣ ነበር። ነገሩን በዓይናቸው የሚያዩት መጻፍ አልቻሉም፤ የሚጽፉት ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከለንደን ሆነው ነው የጻፉት። በሁሉም ወገን። የሰው ስም፣ የሰው ሰፈር፣ የሰው ዘር ያለበት ልጥፍ በየሰዓቱ ይወጣ ነበር። ያን ጊዜ የተጻፈውን ዛሬ ማንበብ ለማንም አይቀልም። ትናንት የግጥምና የመጽሐፍ ዳሰሳ ይጽፉ የነበሩ እጆች ሰውን ከሰው ተራ የሚያወጡ ቃላት ሲጽፉ የታየበት ጊዜ ነው።

ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ። ከዚያስ? ከዚያ ጸጥታ ሆነ። የጦርነቱን ወራት ልጥፍ አስቀምጦ ከሥሩ “ይህን የጻፍኩት ተሳስቼ ነው፤ የሰማሁት ውሸት ነበር” ያለ ማነው? ካለ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ብዙው አጥፍቶ ስለ ሰላም መጻፍ ጀመረ። “ሁላችንም ተጎድተናል” የምትል ዓረፍተ ነገር አለች፤ በዚያ ሰሞን በስንት ገጽ እንደተለጠፈች ፈጣሪ ይወቀው። ሁላችንም መጎዳታችን እውነት ነው። ሁላችንም ግን አልጻፍንም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ ክፉ ጽሑፍን ማጥፋት ጥሩ አይደለም ወይ ይላል። መርዝ ሜዳ ላይ ይተው ወይ? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ መልስ ይገባዋል። በሰው ሕይወት ላይ አደጋ የሚጋብዝ ነገር፣ የሰው አድራሻ፣ የሰው ፎቶ፣ የግፋ በለው ቃል፣ አዎ ወዲያው ይነሳ። ግን በቦታው አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ፦ እዚህ በዚህ ቀን የእገሌን ስም ጠርቼ እንዲህ ብዬ ነበር፣ እውነት አልነበረም፣ አንስቼዋለሁ። ይህን ለመጻፍ አንድ ደቂቃ ይበቃል። የማይጻፈው ስለማይቻል አይደለም።

ሁለቱን መሰረዞች መለየት የሚቻልበት መንገድም ይኸው ነው፦ ሲሰረዝ የሚጠበቀው ማነው? ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ልጅ ኬላ ላይ ስልኩ እንደሚፈተሽ ያውቃል። ከነቀምት የሚመጣውም ያውቃል። መቀሌ የነበረውም ያውቅ ነበር። አንዱ ኬላ ላይ የሚያስመሰግን ፎቶ ሌላው ኬላ ላይ ያስገርፋል። ያ ልጅ ጋለሪውንም፣ ቴሌግራሙንም፣ የወደደውን ገጽም ሁሉ ቢያጠፋ ማንም አፉን ሊከፍትበት አይችልም። ቨርጂኒያ ያለው ጸሐፊም እናቱ ወሎ ውስጥ ስላለች ስሙን ከጽሑፍ ላይ ቢያነሳ ያው ነው። መረጃ የሰጠውን ሰው ለማዳን አንቀጽ የሚቆርጥ ጋዜጠኛም እንዲሁ። በነዚህ ሁሉ ከጸሐፊው ኃይል በላይ የሆነ ኃይል አለ፤ መሰረዙም ከዚያ ኃይል የሚጠበቅበት ነው። ሌላው መሰረዝ ግን ጸሐፊውን ከመንግሥት አይጠብቀውም፤ መንግሥት የሚፈልገውን ከለቀቀበት ሰዓት ጀምሮ አስቀምጦታል። የሚጠብቀው ከአንባቢው ነው። ምንም ጠመንጃ ከሌለው፣ ኬላ ከማያቆመው፣ ከሚጠይቀው ሰው።

“ሕጉ ያሳስራል፣ ስለዚህ እንሰርዛለን” ለሚሉትም መልስ አለ። አዋጁ የሚቀጣው ማሰራጨትን ነው፤ ተሰራጭቶ የጠፋም ተሰራጭቷል። ይልቁን ያው አዋጅ የመረጃውን እውነትነት ለማጣራት በነበረበት ሁኔታ ተገቢውን ጥረት ያደረገን ሰው ከሐሰተኛ መረጃ ተጠያቂነት ውጭ የሚያደርግ አንቀጽ አለው። ጥረቱን በምን ያሳያል? ባልተሰረዘ ጽሑፍ፣ ከሥሩ በተጻፈ እርማት፣ በተቀመጠ ቀን። ሁሉን ያጠፋ ሰው ዳኛ ፊት የሚያቀርበው ባዶ ገጽ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ደግሞ ስክሪን ሾት ይዟል። ዳኛው አይሰማም፣ ችሎቱ የይስሙላ ነው የሚል ካለ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ግን መሰረዙም አያድነውም።

“መንግሥትስ አይሰርዝም ወይ? ባለሥልጣናት የጻፉትን አያጠፉም ወይ?” ይባላል። ያጠፋሉ። ጦማሪ የተፈለገው ታዲያ ለምን ነበር? መንግሥት የሚደብቀውን እንዲያስቀምጥ ነበር እንጂ ድበቃውን አብሮ እንዲለማመድ አልነበረም።

ለማነጻጸር አንድ አሮጌ ጋዜጣ ይታይ። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ እየታተመ ነው። በ1966 ክረምት ግርማዊነታቸውን በሙሉ ማዕረጋቸው ይጠራ የነበረው ጋዜጣ፣ በመስከረም 1967 በዚያው ስም የደርግ ልሳን ሆኖ ወጣ። በ1983 እንደገና ጌታ ቀየረ፤ በ2010ም እንዲሁ። ከዚህ የባሰ መገለባበጥ የለም። ግን ጥራዙ ወመዘክር ቁጭ ብሏል። ተማሪ ገብቶ የነሐሴውን እትምና የመስከረሙን ጎን ለጎን ዘርግቶ ማየት ይችላል። ብዙ የታሪክ መጽሐፍ የተጻፈው ከዚያ ጥራዝ ነው። አዘጋጆቹ ቢችሉ ኖሮ የነሐሴውን ያጠፉት ነበር፤ ወረቀት ስለሆነ አልቻሉም። የመንግሥት ልሳን የነበረ ጋዜጣ ሳይወድ በግድ ከዛሬው ነጻ ጦማሪ የበለጠ ሐቀኛ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ከ2008 እስከ 2015 ያለውን የኢትዮጵያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ምን ይዘረጋል? የፌስቡክ ኖት የሚባለው የረጅም ጽሑፍ ማስቀመጫ እንኳ በ2013 መጀመሪያ አዲስ መጻፍ ተዘጋበት። ላይቩ ተሰርዟል፣ ገጹ ተሸጧል፣ ቻናሉ ስሙን ቀይሯል።

መድረኩም አይታመንም። በየካቲት 2015፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ በተፈጠረው ችግር ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ቆዩ። አዲስ አበባ ውስጥ ቪፒኤን የማያውቅ አስተናጋጅ፣ የማያውቅ የታክሲ ረዳት ጠፋ። ያ ክረምት ሳይወጣ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ድራሹ ጠፋ። አገሬው በዚህ ሁሉ መሐል ለማንበብ ያን ያህል ሲለፋ፣ ስልኩ ባትሪ እያለቀ፣ ፍጥነቱ እየተጎተተ አንድ ጽሑፍ ለመክፈት አምስት ደቂቃ ሲጠብቅ፣ የሚከፈትለት ነገር ነገ እንደማይኖር አያውቅም።

ከጦማሪው የሚጠበቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በእውነተኛ ስሙ መጻፍ ካልቻለ በብዕር ስም ይጻፍ፤ ግን በየስድስት ወሩ አይቀያይረው። ገጹን ካስተላለፈ ወይም ከሸጠ ለተከታዮቹ ይንገር፤ አምነው የገቡት እሱን እንጂ ገዢውን አይደለም። ላይቭ የሚወድ ላይቭ ይግባ፤ ከሥሩ ግን ያለውን በአሥር መስመር ይጻፍ፣ ስም የጠራበትን ሁሉ ይጻፍ። ሲሳሳት እርማቱን ከላይ በቀን ያስቀምጥ፤ ከሦስት ወር በኋላ በወጣ ሌላ ጽሑፍ ውስጥ በቅንፍ አይቅበረው። ፌስቡክም ቴሌግራምም የራስን ጽሑፍ በሙሉ አውርዶ ማስቀመጫ አላቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜ አውርዶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ለማንም ክፍት የሆነ ገጽ ሲሰጡት ያስቀምጣል። ከአንባቢውም አንድ ነገር ይጠበቃል፦ የሚወደው ጸሐፊ ሲሰርዝ መጠየቅ። የሚጠላው ሲሰርዝ ስክሪን ሾት ይዞ መዝለልማ ማንም ያውቅበታል።

ይህ ሁሉ የጸሐፊዎች የእርስ በርስ ንትርክ ለሚመስለው አንድ መዝገብ ናይሮቢ አለ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ስማቸውን፣ ፎቷቸውን፣ የሥራ ቦታቸውንና የሚኖሩበትን ሰፈር የያዙ የፌስቡክ ልጥፎች ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸው አብርሃም ልጥፎቹ እንዲነሱ ደጋግሞ ለፌስቡክ አመልክቶ ነበር፤ በክሱ እንደቀረበው ምላሽ የመጣው አባቱ ከሞቱ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 2015 ከሌሎች ጋር ሆኖ የፌስቡክን እናት ኩባንያ ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ኩባንያው ጉዳዩ ኬንያ ውስጥ መታየት የለበትም ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ በ2017 የማየት ሥልጣን አለኝ አለ።

በዚያ መዝገብ ተከሳሹ ኩባንያው ነው። ልጥፎቹን የጻፉት እጆች ስም የላቸውም፤ ዛሬ በየትኛው ገጽ፣ በምን ስም፣ ስለ ምን እየጻፉ እንደሆነ የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው።